የታማሚ ጉርሻ፦ የምግብ ቱቦ ታሪክና የቤተሰብ አደራ

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ በሚንበር ላይ ግን እምብዛም የማይነሣ ነው። መዋጥ ያቃተው ታማሚ በአፍንጫው ወይም በሆዱ በኩል በሚገባ ቱቦ ስለሚመገብበት ሕክምና እንነጋገራለን። ርዕሱ የሐኪሞች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቱቦው ይግባ ወይስ ይቅር ተብሎ የሚጨነቀው ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰብ ሲጨነቅ ደግሞ የመስጊዱን ኢማም ይጠራል። እኛም ተጠርተን ሄደናል፤ ሄደንም ተሳስተናል። ንግግራችንን ከስሕተታችን እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ ዓለም ከተማ አንድ አባት በስትሮክ ወደቁ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ መናገርም መዋጥም ተሳናቸው። ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ ወስደው አሳከሟቸውና በአፍንጫቸው ቱቦ እንደገባ ወደ ቤት መለሷቸው። ልንጠይቃቸው ሄድን። ዱዓ ካደረግን በኋላ ከሐጅ የመጣ ዘምዘም ይዘን ነበርና “ከንፈራቸው ደርቋል፣ በማንኪያ አቅምሷቸው” አልን። ሴት ልጃቸው “ሐኪሙ በአፍ ምንም እንዳትሰጡ ብሎናል” ስትል “ዘምዘም ምን ያደርጋቸዋል?” ብለን መለስንላት። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ ትን አላቸው። ሌሊቱን አተኮሳቸው፤ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ የሳንባ ምች ነው ተባለ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ሕመም ድነው ጥቂት ወራት ኖረዋል። የዘምዘም በረካነት አላጠራጠረንም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ በረካውን በተዘጋ መንገድ ላክነው።

በዚያው ቤት ሁለቱ ወንድ ልጆቻቸው ይከራከሩ ነበር። ታላቁ “ይህ ጎማ አባታችንን ማሠቃየት ነው፤ ይውጣ” ይላል። ታናሹ “ማውጣት መግደል ነው” ይላል። ዳኙን አሉን። እኛ ግን መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ኪታብ ስናገላብጥ፣ የሐኪሞችን ጽሑፍ ስናነብና ባለሙያዎችን ስንጠይቅ ያገኘነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

የከተማችን ቆርቋሪም በዚሁ ሕመም ወድቀዋል

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ግድም አዲሲቱ ዋና ከተማ ትሆናለች ብለው ቆረቆሯት። ምክንያቱ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላጠራት ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ ተስፋፋና ዋና ከተማው ባለበት ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱም በስትሮክ ተመቱ። ሕመሙ አስቀድሞ ቢጀምራቸውም ከባዱ የመጣው በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆዩ። በአልጋቸው ዙሪያ ስለ ሥልጣን ብዙ ትግል እንደ ነበር ታሪክ ጽፎታል።

ይህን ያነሣነው ስለ መንግሥት ለማውራት አይደለም። ስትሮክ ሁልጊዜ ቶሎ አይገድልም። ብዙውን ሰው በሌሎች እጅ ላይ ጥሎት ያቆየዋል። በአንድ ቃል አገር ያዝዝ የነበረ ሰው “ራበኝ” ወይም “በቃኝ” ለማለት አይችልም። ስለዚህ ማን ይናገርለት? በምን መለኪያ? ጥያቄው ለንጉሥም ለእኛ ቤትም አንድ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን

በሐዲሥ ኪታቦች ውስጥ ይህን ጉዳይ በቀጥታ የሚነኩ ሦስት ትምህርቶች እናገኛለን።

የመጀመሪያው፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከኡሳማ ኢብን ሸሪክ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ስለዚህ ሕክምናን መፈለግ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ሁለተኛው፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ ከዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ.) የዘገቡት ነው። በዚህ ሐዲሥ ታማሚዎቻችንን በግድ እንዳናበላና እንዳናጠጣ ተከልክለናል። ኢብኑል ቀዪም (ረሒመሁላህ) ሲያብራሩት፣ የታማሚው ሰውነት ከበሽታው ጋር እየታገለ ስለሆነ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል ይላሉ። ቀጥለው ግን አእምሮው የታወከ ታማሚን አልፎ አልፎ መመገብ ግድ ሊሆን እንደሚችል ይጠቅሳሉ። ስለዚህ እኒህ ዓሊም ሐዲሡን ያለ ልዩነት በሁሉም ሰው ላይ አልጫኑትም፤ የታማሚውን ሁኔታ አይተዋል።

ሦስተኛው በቡኻሪና በሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የተዘገበው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻ ሕመማቸው ሳሉ ቤተሰቦቻቸው “ለዱድ” ሰጧቸው፤ ይህም በአፍ ጎን በኩል የሚንቆረቆር መድኃኒት ነው። እንዳይሰጧቸው በምልክት ቢከለክሉም፣ ታማሚ መድኃኒት መጥላቱ የተለመደ ነው ብለው አደረጉት። ሲነቁ ወቀሷቸው፤ በቤቱ የነበሩትም ሁሉ ያን መድኃኒት እንዲቀምሱ አዘዙ፤ ያልነበሩት አል-ዓባስ ብቻ ቀሩ። ያደረጉት ሰዎች እጅግ የሚወዷቸው ነበሩ። ፍቅራቸው ግን የታማሚውን ምልክት ለማለፍ ፈቃድ አልሆነላቸውም።

ከአንደሉስ የተነሣ ጥበብ

በቱቦ መመገብን በጽሑፍ ካስተማሩ ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ሙስሊም መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለናል። በአንደሉስ፣ በሴቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1162 (በ557 ዓመተ ሒጅራ) ያረፉት ኢብን ዙህር “አት-ተይሲር” በተባለው ኪታባቸው ጉሮሮው ለተዘጋ ወይም ለሰነፈ ታማሚ ከብር ወይም ከቆርቆሮ በተሠራ ቀጭን ቱቦ ወተትና የመሳሰለውን ማውረድ እንደሚቻል ገልጸዋል። እኒህ ሰው የኢብን ሩሽድ ወዳጅ ነበሩ።

ከቱቦው በላይ የምናደንቀው ጥንቃቄያቸውን ነው። የመተንፈሻ ቧንቧን መቅደድ በሰው ላይ ያስፈራ ስለነበር መጀመሪያ በፍየል ላይ ሞክረው ቁስሉ መዳኑን አዩ። በአላህ ባሪያ ላይ ከመድፈር በፊት መፈተን፣ ውጤቱንም ለኋለኛው ትውልድ ጽፎ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ በአውሮፓ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1790 የለንደኑ ሐኪም ጆን ሃንተር የመዋጫ ጡንቻዎቹ የሰነፉበትን ሰው በዓሣ ቆዳ በተሸፈነ ዘንግና ቱቦ ለሳምንታት መገበው፤ ሰውየውም መዋጥ ቻለ። ይህ ታሪክ ዋናውን ነገር ያሳየናል። ቱቦው በሽታውን አላዳነም። ሰውነቱ እስኪያገግም ድረስ በረሃብ እንዳይሞት ድልድይ ሆነው እንጂ።

በሆድ በኩል የሚገባው ቱቦ ግን በብዙ ሞት የተገኘ ነው። ሴዲዮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1849 ሆድ ቀድዶ ጨጓራን ወደ ውጭ ከፈተ፤ ታማሚው ሞተ። በ1853 ደገመው፤ ሁለተኛውም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1876 ቬርኖይ የተባለ ሐኪም በፓሪስ የ17 ዓመት ልጅ ላይ አደረገውና ልጁ ተረፈ። ልጁ ጉሮሮው የጠበበው የሚያቃጥል ኬሚካል ጠጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደየቤታችን እንመልከት። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተን በውሃ አጠገብ የምናስቀምጥ ስንቶቻችን ነን? የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ ውስጡ ያለውን ግን አያውቅም። ጉሮሮው ከተቃጠለ በኋላ ለዓመታት የሚንከራተት ልጅ ከማየት፣ ዛሬ ማታ ጠርሙሱን ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ጋውደረርና ፖንስኪ የተባሉ ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ሳይቀድዱ፣ በኢንዶስኮፒ እያዩ በትንሽ ቀዳዳ ቱቦ የሚያስገቡበትን ዘዴ ጀመሩ። ዘዴውን ያሰቡት በተለይ ለሕፃናት ነበር። ቀላል ስለሆነ ግን በዓለም ተዛመተ፤ ለአረጋውያንም በብዛት ይደረግ ጀመር። ቀላል መሆኑም “ማስገባት ስለተቻለ ብቻ ማስገባት ይገባል ወይ?” የሚል አዲስ ጥያቄ ወለደ።

በግድ የገባ ቱቦ

አጼ ምኒልክ በከባዱ ስትሮክ በወደቁበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1909 በብሪታንያ እስር ቤቶች የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች ምግብ አንበላም ሲሉ በግድ በቱቦ ይመገቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1913 ሊሊያን ሌንተን የተባለችው እስረኛ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ገብቶ በጠና ታመመችና ተለቀቀች። እ.ኤ.አ. በ1975 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በቶኪዮ ባወጣው መግለጫ፣ አእምሮው የተስተካከለ እስረኛ የሚያስከትለውን ተረድቶ አልበላም ካለ ሐኪም በግድ እንዳይመግበው ደነገገ። ይህም ሆኖ በጓንታናሞ የታሰሩ ሙስሊም ወንድሞቻችን የረሃብ አድማ ሲያደርጉ፣ በተለይም በ2013፣ ወንበር ላይ ታስረው በአፍንጫቸው ቱቦ መመገባቸውን ዓለም ሰምቷል። ሕይወት ለማቆየት የተሠራው መሣሪያ የሰውየው ፈቃድ ሲነጠቅ መቅጫ ይሆናል። የለዱድ ሐዲሥ ትርጉም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታየናል።

ታዲያ ሰው በቱቦው ይተርፋል ወይ?

ይህ የሁለቱ ወንድማማቾች ጥያቄ ነው። መልሱ ቱቦው የገባው በምን ሕመም ምክንያት እንደሆነ ይለያያል።

አንደኛ፣ የሚድን ሕመም። በሀገራችን ቱቦ በብዛት ከሚገባላቸው መካከል በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ይገኛሉ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ፣ ልጁ ከታዘዘለት ወተት ከሦስት አራተኛ በታች ብቻ ከወሰደ ወይም አፉ ከቆሰለ ወይም ራሱን ከሳተ በአፍንጫ ቱቦ እንዲመገብ ያዝዝ ነበር። በየቀኑ ግን መጀመሪያ በአፉ በትዕግሥት እንዲሞከር፣ ቱቦውም ከ3 ቀን እንዳይበልጥ ያሳስብ ነበር። እናቶች ሆይ! በልጃችሁ አፍንጫ ቱቦ ስታዩ “ልጄ አለቀለት” አትበሉ። ይህ ቱቦ የጥቂት ቀን ድልድይ ነው፤ ነቅላችሁም አትሽሹ።

ሁለተኛ፣ ስትሮክ። እ.ኤ.አ. በ2005 “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። መዋጥ ካቃታቸው 859 የስትሮክ ታማሚዎች ግማሾቹ ቶሎ በቱቦ ተመገቡ፤ ግማሾቹ ቆይተው። ቶሎ ከተመገቡት ከ100 ሰው ወደ 6 የሚጠጋ ሞት የቀነሰ መሰለ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ አይደለም ለማለት አልበቃም። ከተረፉትም ብዙዎቹ በከባድ የአካል ጉዳት የሚኖሩ ነበሩ። በሌሎች 321 ታማሚዎች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሆድ የሚገባው ቱቦ በአፍንጫ ከሚገባው የተሻለ ውጤት አላስገኘም፤ ይልቁንም የሞቱትና ክፉኛ የተጎዱት ከ100 ወደ 8 ያህል በዝተው ታዩ። ስለዚህ ሐኪም “ለጊዜው በአፍንጫ ይሁን፣ ቆይተን እናያለን” ሲል ታማሚውን ችላ ማለቱ አይደለም። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚመለስላቸው ብዙ ሰዎች አሉና መጠበቁ ትርጉም አለው።

ሦስተኛ፣ የጉሮሮ መዘጋት። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው የሀገራችን ክፍል ጎልቶ እንደሚታይ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት መዝግበዋል። ብዙው ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ውሃ እንኳ አልወርድ ሲለው ነው። ያን ጊዜ በሆድ የሚገባው ቱቦ ረሃብንና ጥምን ያስታግሳል፤ ካንሰሩን ግን አያጠፋውም። ምግብ ሲውጥ ደረቱ ላይ የሚቆምበት ሰው ቀኑን ሳያሳልፍ ይመርመር።

አራተኛ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ የመርሳት በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ የጥናቶች ግምገማ ቱቦ የእነዚህን አረጋውያን ዕድሜ ለማርዘሙም ሆነ ትንታን ለመከላከሉ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ለእነርሱ ቱቦ እንደማይመክር፣ በምትኩ በትዕግሥት በእጅ መመገብን እንደሚመክር አስታወቀ። ሱብሓነላህ! ብዙ ምርምር ተደርጎ የተመከረው ነገር እናቶቻችን የሚያውቁት ጉርሻ ነው። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ትንሽ ማጉረስ፣ እስኪውጡ መጠበቅ፣ ሲበቃቸው ማቆም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ቱቦው ትልቁን አደጋ የሚያደርሰው በጨጓራ ፋንታ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። ድሮ አየር ነፍቶ በማዳመጫ ሆድ ላይ መስማት ይበቃ ነበር። ሳንባ ውስጥ የገባም አየር ሆድ ላይ ሊሰማ ስለሚችል ግን የእንግሊዝ የታካሚዎች ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን ዘዴ እንዲተዉት አስጠነቀቀ። በእርሱ ምትክ በቱቦው የተሳበው ፈሳሽ የአሲድ መጠኑ በወረቀት ይለካል፤ ካጠራጠረ ራጅ ይነሣል። ስለዚህ “ቦታውን አረጋገጣችሁ?” ብሎ ባለሙያን በትሕትና መጠየቅ መብታችን ነው።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ እነዚህን አትርሱ። ሲመገቡና ከዚያም በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ታማሚው ከወገቡ በላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ አይመገብ። በቱቦው ላይ በአፍንጫው ጫፍ የተደረገው ምልክት ከቦታው አለመንቀሳቀሱን በየጊዜው እዩ። ከምግብ በፊትና በኋላ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አሳልፉ። አጥሚቱ ሐኪም የፈቀደው፣ የቀጠነና የተጠለለ ይሁን። ክኒን ሳትጠይቁ አትፍጩ። በአፍ ባይበሉም አፋቸውን በየቀኑ አጽዱ። ሲያስላቸው ወይም ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወዲያው አቁሙ። የአፍንጫው ቱቦ ከወጣ ራሳችሁ መልሳችሁ አትክተቱ። የሆዱ ቱቦ ከወጣ ደግሞ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ሊጠብብ ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ከአዲስ ዓለም፣ ከጊንጪ ወይም ከአምቦ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ መድረስ ጊዜ ይወስዳልና የት እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ያዙ።

ዘምዘምስ? ሐኪሙ ከፈቀደ በቱቦው ይገባል፤ ከንፈራቸውንም በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይቻላል። በማንኪያ ማንቆርቆር ግን እኛ ያጠፋነውን መድገም ነው።

የሸሪዓ ነጥቦች

በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ የሕክምና ፍርድ እንደ ሁኔታው እንደሚለያይ ገልጿል። መተዉ ነፍስን ወይም አካልን የሚያጠፋ ሲሆን መታከም ግዴታ ይሆናል፤ ሕክምናው ራሱ ከበሽታው የከፋ ጉዳት ያመጣል ተብሎ ሲፈራ ግን የተጠላ ይሆናል። በዚህ መሠረት የመዳን ተስፋ ያለውን ሰው “ቱቦ ያስጠላል” ብሎ በረሃብ መተው አይፈቀድም። ባለሙያዎች አይጠቅመውም ያሉትን፣ ወደ አኼራ እየተቃረበ ያለን ታማሚ ያለ ቱቦ በጉርሻና በእንክብካቤ መያዝ ደግሞ መግደል አይደለም። አንዴ የገባን ቱቦ ማውጣት ግን ዑለማዎቻችን እጅግ የሚጠነቀቁበት ነው፤ ምግብና ውሃን ከመድኃኒት ለይተው የታማሚው ሐቅ አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ናቸውና። ስለዚህ በቤተሰብ ንዴት ወይም ድካም አይነቀልም። ታማኝ ሐኪሞችና አዋቂ ዓሊም ባንድነት ይጠየቁ።

ስለ ጾም ደግሞ፣ በቱቦ ምግብ የገባለት ሰው ጾሙ ይፈታል፤ ኃጢአት ግን የለበትም። የሚድን ከሆነ ቀዳ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ ከሌለው ለየቀኑ ድሃ ይመገብለታል።

ለእነዚያ ወንድማማቾች ዛሬ ብንጠየቅ ምን እንል ነበር? ታላቁን፦ ያባትህ ሕመም ገና ጥቂት ሳምንቱ ነው፤ መዋጥ ሊመለስላቸው ይችላልና ድልድዩን አታፍርስ። ታናሹን፦ ቱቦው አጀልን አያራዝምም፤ ቀኑ ሲደርስ ራስህን ገዳይ አድርገህ አትክሰስ። ለሁለቱም፦ አባታችሁ አንደበት ባይኖራቸው ዓይንና እጅ አላቸውና ምልክታቸውን አንብቡ። ከሁሉም በላይ ያቺ “ሐኪሙ ከልክሎናል” ያለች ልጃቸውን እንሰማት ነበር። ትክክለኛዋ እርሷ ነበረች፤ በኢማም ፊት ድምፅዋ አነሰ እንጂ።

አድማጮቻችን! ዛሬ ጤነኛ ሳላችሁ “ሳልናገር ብቀር እንዲህ አድርጉልኝ፣ ይህን አታድርጉብኝ” ብላችሁ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። የሚጠይቃችሁ ኢማምም ዘምዘም ይዞ ሲመጣ፣ እኛም ብንሆን፣ መጀመሪያ ሐኪሙ ያለውን ንገሩን።

አላህ (ሱ.ወ.) ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎችን ምንዳቸውን ያብዛላቸው፤ ያለፉትንም ይማርልን። ኣሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።